ስጦታ ሲደርሰን «ደረሰን» እንበል



ይህን ባለፈው ወር እሑድ ከጸሎት በኋላ ተናግሬው ነበር። በዕለቱ እረፍት ያልተሰጣቸው እህቶች «ለእኛም ይጻፍልን» ስላሉ ወደ ወረቀት አወረድኩት። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። እንደ እናንተው በሰው ቤት የምሠራ፣ ቤይሩት ከገባሁ አሥራ አራት ዓመት የሆነኝ ሴት ነኝ። የኅብረታችንን የስጦታ ደብተር የምይዘው እኔ ስለሆንኩ፣ ከሩቅ የሚላክልንንና እንግዶች ይዘውልን የሚመጡትን እንዴት ተቀብለን እንዴት እንደምናመሰግን ንገሪን ተባልኩ። ከማውቀው አብዛኛውን የተማርኩት ተሳስቼ ነው፤ ስለዚህ ከስህተቱ ልጀምር።

በፈረንጆቹ 2020 ኦገስት 4 ቀን የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ ብዙዎቻችን እዚሁ ነበርን። ከዚያም በፊት ሊራ ወድቆ፣ ደመወዝ ተቋርጦ፣ አንዳንድ አሠሪዎች ልጆቹን ከነሻንጣቸው አምጥተው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ አይተናል። በዚያ ወራት አውሮፓ ያለ አንድ ትንሽ የአበሾች ቤተ ክርስቲያን 500 ዶላር ላከልን። ገንዘቡን ከሰው ሰው እየዞረች የሰበሰበችው ሆቴል ውስጥ በጽዳት የምትሠራ አንዲት እናት ናት። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለሦስት እህቶች የቤት ኪራይ፣ ለሩዝና ለዘይት፣ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሕክምና ዋለ። አንድ ሳንቲም አልባከነም። ግን ማንም አልጻፈላቸውም። እኔ ሽማግሌዎቹ የጻፉ መሰለኝ፤ እነሱ ደግሞ እኔ የጻፍኩ መሰላቸው።

አራት ወር ቆይቶ ስልክ ተደወለ። ያቺ እናት ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ ያ ገንዘብ ደርሷችሁ ነበር?» አለችኝ።

«እንዴ እትዬ! በጊዜው ነው እኮ የደረሰን» አልኳት።

ዝም አለች። ትንሽ ቆይቶ ስታለቅስ ሰማኋት። ለካ በቤተ ክርስቲያናቸው «በላችው» ተብላ ኖሯል። ፊት ለፊት የተናገራት የለም። ሰላምታው ግን ቀዝቅዞባታል፤ ለሌላ ጉዳይ መዋጮ ስትጠይቅም ሰው ወደ ቦርሳው እጁን አልሰደደም። እኛ እዚህ ሩዙን በልተን፣ ኪራዩን ከፍለን፣ እግዚአብሔርን አመስግነን ተኝተናል። በእኛ ዝምታ እሷ እዚያ ሌባ ሆናለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል በጆሮዬ ይጮኻል። ገንዘብ ስንቀበል የምንሰጠው ወረቀት በአማርኛ ስሙ ምንድን ነው? ደረሰኝ። ስንት ጊዜ ብለነዋል፣ ልብ ብለን ግን አልሰማነውም። «ደረሰኝ» ማለት «ወደ እኔ ደረሰ» ማለት ነው። ከምስጋናም፣ ከምርቃትም በፊት የላከ ሰው የሚፈልገው ይህን አንድ ቃል ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ለእግዚአብሔር ብለው ነው የሰጡት፣ እሱ ያውቃል» ትላላችሁ። እሱማ ያውቃል። ያ ሰው ግን አያውቅም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ማመስገን እንደ መለመን ይሆንባችኋል፤ «እነሱ ሀብታሞች ናቸው፣ ምን ይጎድልባቸዋል» የምትሉም አላችሁ። ሆቴል የምታጸዳ ሴት ሀብታም አይደለችም። ከሩቅ ከሚልኩልን ብዙዎቹ እንደ እኛው በፈረቃ የሚሠሩ ናቸው።

ደግሞስ ይህን ነገር ከእኛ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የሩቅ ሰጪዎች እኮ እኛው ነን። ከ150 ዶላር ደመወዝ መቶውን ትልኪያለሽ። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ስልኩ ዝም ይላል። ደርሶ ይሆን? ወንድሜ አውጥቶት ይሆን? ቁጥሩን ተሳስቼ ይሆን? ማዳም ተኝታ እስክትጠልቅ ጠብቀሽ፣ ማድ ቤት ገብተሽ ስልክሽን ታያለሽ። በሳምንቱ ይደወላል፤ የመጀመሪያው ቃል «ያ የላክሽው አለቀ» ነው። እውነት አይደለም? «ደረሰን፤ የእማዬን መድኃኒት ገዛንበት፤ የቀረው ለጤፍ ሆነ» ያሉሽ ቀን ግን የማዳም ጩኸት እንኳ አይሰማሽም። አንዲት እህታችን ለሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የቆርቆሮ ላከች። ሁለት ዓመት ምንም ወሬ አልመጣም። አገሯ ስትገባ ጣሪያው ተሠርቶ፣ ዝናብም መትቶት ደብዝዞ አገኘችው። «ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ አላውቅም ነበር» ብላ አጫወተችኝ። እንግዲህ ያ በእኛ ላይ ሲደረግ የሚያመንን እኛ በሌላው ላይ ስናደርገው አይታወቀንም።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ ተላከ ስጦታ የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ አለ። የፊልጵስዩስን መልእክት ማለቴ ነው፤ ምዕራፍ 4ን ከቁጥር 10 ጀምራችሁ ቤታችሁ አንብቡት። ጳውሎስ እስረኛ ነበር። በሩ በሌላ ሰው እጅ የሆነ ሰው ምን እንደሚሰማው ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። የፊልጵስዩስ ምእመናን አፍሮዲጡ በሚባል ወንድም እጅ ስጦታ ላኩለት። እሱ ምን ብሎ መለሰ? መጀመሪያ ነገር፣ ሁሉም እንደ ደረሰው፣ በማን እጅ እንደ ደረሰውም ይናገራል። ግሪክኛውን የሚያውቁ መምህራን እንደሚያስረዱት ቁጥር 18 ላይ ያለው የመቀበል ቃል በዚያ ዘመን ሰዎች በገንዘብ ደረሰኝ ላይ ይጽፉት የነበረ ቃል ነው። ይህን ስሰማ ሳቅሁ። ጳውሎስም ደረሰኝ ቆርጧል ማለት ነው!

ቀጥሎ የድሮውን ያስታውሳል፦ ተሰሎንቄ በነበረ ጊዜ አንዴም ሁለቴም እንደ ላኩለት። ይህ ሰው ደብተር ይይዛል ማለት ነው። ራሱንም አያዋርድም። በጥቂትም በብዙም መኖርን ተምሬያለሁ ይላቸዋል፤ ያለ እናንተ እሞት ነበር አይልም። ጨምሩልኝም አይልም።

እኔን የነካኝ ግን ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ስጦታውን ያመጣው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። ጳውሎስ ወደ ላኩት ሰዎች ሲመልሰው በደስታ እንዲቀበሉትና እንዲያከብሩት አደራ ይላል፤ ለሥራው ሲል ነፍሱን አሳልፎ እንደ ሰጠም ይመሰክርለታል። ተመልከቱ፤ ገንዘቡን ያመጣው ሰው ስም እንዳይጎድፍ ተጠነቀቀለት። እኛ ለዚያች እናት ያላደረግነው ይህንን ነው።

እንግዲህ አሁን በኅብረታችን እንዴት እንደምንሠራ ልንገራችሁ። በሌላ ከተማ፣ በሌላ አገር ያላችሁም ከጠቀማችሁ ውሰዱት።

ገንዘቡን ለማውጣት የላኪ ቤቶቹ መታወቂያ ስለሚጠይቁ ሁልጊዜ የምትሄደው ወረቀቷ የተስተካከለ እህት ናት። ብቻዋን ግን አትሄድም። ሁለት ሆነን ሄደን፣ ሁለት ሆነን ቆጥረን፣ የሰጡንን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስተን እንመለሳለን። ይህ እሷን አለማመን አይደለም። ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8ን አንብቡ፤ ጳውሎስ የኢየሩሳሌምን መዋጮ ሲያስጭን ቲቶን ብቻውን አልላከም፣ ሌሎች ወንድሞችም ጨመረበት። ምክንያቱንም ይናገራል፤ በዚህ ብዙ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈን ብለን ነው ይላል። ሁለተኛዋ ሴት የምትሄደው የመጀመሪያዋን ስም ለመጠበቅ ነው።

በዚያው ዕለት አጭር መልእክት በዋትሳፕ ይላካል፦ ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን፣ ደርሶናል። ሰላምታው እንኳ ቢያጥር ግድ የለም። ረጅሙ ደብዳቤ ገንዘቡ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ይጻፋል። አንዷ ትጽፋለች፣ ሌላዋ አንብባ አብራ ትፈርማለች፤ ግልባጩ ደብተሩ ውስጥ ይቀራል።

የገንዘቡን መጠን በመጣበት ገንዘብ ጻፉ። በዶላር ከመጣ በዶላር። ለዚያች እናት ቤተ ክርስቲያን በኋላ ሒሳብ ስንሠራ ወጪያችን ሁሉ በሊራ ነበር፤ ወደ አራት ሚሊዮን ገደማ። ያኔ 1 ዶላር መንገድ ላይ 8 ሺህ ሊራ አካባቢ ይመነዘራል፤ መንግሥት ግን ገና በ1,507 ተኩል ይቆጥረዋል። በሩቅ ያለ ሰው የመንግሥቱን ምንዛሪ አይቶ ቢያባዛ 500 ዶላር 753,750 ሊራ ነው። «ሌላው ሦስት ሚሊዮን ከየት መጣ? ሌላም ሰጪ ነበራችሁ?» ቢለን አይፈረድበትም። ስለዚህ ዶላሩን ጽፋችሁ፣ የመነዘራችሁበትን ቀንና ዋጋ ከጎኑ አስቀምጡ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ለውጭ አገር ሰው ስትጽፉ በእነሱ አቆጣጠር ጻፉ። እኔ አንድ ጊዜ ጃንዋሪ 2021 ላይ ለአንድ የውጭ አገር ሽማግሌ «ጥር 2013» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ስምንት ዓመት የዘገየ ደብዳቤ የደረሳቸው መስሏቸው «እስካሁን የት ቆይቶ ነው?» ብለው ጠየቁ። በስልክ ላይ ያለውን አስተርጓሚም ተጠንቀቁት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለው የእኛ ምስጋና ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ብድርህን መክፈል አልችልምና እሱ በእኔ ፈንታ ይስጥልኝ ማለት ነው። አስተርጓሚው ግን «እግዚአብሔር ይስጠኝ» አድርጎ አወጣው። ምስጋናችን ልመና ሆኖ ተላከ! እንግሊዝኛ ወይም አረብኛ የምታውቅ እህት ካለች ታንብበው፤ ከሌለች ደግሞ ተራ የሆኑ አጫጭር ቃላት ተጠቀሙ።

ለአንድ ነገር የተላከ ለዚያው ነው። ለሌላ ጉዳይ ማዋል ካስፈለገ አስቀድሞ መጠየቅ ነው እንጂ ከዋለ በኋላ ማስረዳት አይደለም። ለገና ምሳ ብለው የላኩልን ሰዎች ነበሩ፤ በዚያው ሳምንት አንዲት እህት ሆስፒታል ገባችና አስያዡን አምጡ ተባልን። ጻፍንላቸው። በሰዓት ውስጥ «በደስታ» የሚል መልስ መጣ። ገናን በሻይና በዳቦ አከበርን። ሳንጠይቅ አድርገነው ቢሆን ኖሮ እነሱ ይቅር ይሉን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ምሳ የሚልኩ አይመስለኝም።

አንድ ነገር አጥብቄ የምለምናችሁ፣ ምስጋናና ልመና በአንድ ደብዳቤ አይሂዱ። «አመሰግናለሁ» ብለሽ ሦስት መስመር ወረድ ብለሽ «አሁን ደግሞ የኪራይ ቀን ደርሷል» ካልሽ የላይኛው ሁሉ ለታችኛው መንገድ መጥረጊያ ሆነ። ችግር ካለ ሌላ ጊዜ፣ በሌላ ደብዳቤ፣ በሽማግሌዎች በኩል ይነገር። ደግሞም ከኅብረቱ ጀርባ የሰጪዎችን ስልክ ይዞ ለየግል መጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ይህን ያደረገች አለች፤ ይቅርታም ጠይቃለች፤ ስለዚህ አልመለስበትም።

ስማቸው በጉባኤ ይጠራ አይጠራ ራሳቸውን ጠይቁ። ጌታ ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አይወቅ እንዳለው አድርገው የሚሰጡ አሉ፤ ስማቸውን በማይክሮፎን መጥራት ሐሳባቸውን ማፍረስ ነው።

ብዙዎቻችሁ «እንዴት ብዬ ልጀምር» ስለምትሉኝ እንደዚህ ያለ ደብዳቤ ይበቃል፦

«ለተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች። የላካችሁልን 300 ዶላር ማርች 9 ቀን በእጃችን ገብቷል። 200 ዶላሩ የሁለት እህቶች የአንድ ወር ኪራይ ተከፈለበት። 85 ዶላሩ ለመድኃኒት ዋለ። 15 ዶላር በደብተራችን ላይ ተመዝግቦ አለ። ኪራይ የተከፈለላት አንዷ እህት በዚያው ወር ሥራ አግኝታ አሁን የራሷን ትከፍላለች። ስሟን ያልጻፍነው ለእሷ ብለን ነው። ሰብስቦ የላከልንን ወንድም ስለ ድካሙ አመስግኑልን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስንሰበሰብ እናስባችኋለን።»

ይኸው ነው። አንድ ገጽ አይሞላም። «ሰብስቦ የላከልንን» የሚለውን መስመር ግን እባካችሁ አትዝለሉት።

«ስሟን ያልጻፍነው» ወዳልኩት ልመለስ፤ ሁለተኛው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው የባሰም ይመስለኛል። ደብተሩን በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤ ብቻ ደረቅ ሆኖ ታየኝና ፎቶ ልጨምር አልኩ። አንዲት ልጅ፣ አሠሪዎቿ ደመወዟን ከልክለዋት ወጥታ ከእኛ ጋር የተጠጋች፣ የሩዝ ከረጢት ስትቀበል አነሳኋት። ሳቂ አልኳት፣ ሳቀች። ላክሁት። ሰጪዎቹም ክፋት ሳይኖራቸው፣ ሌላውም እንዲሰጥ ብለው በፌስቡካቸው ላይ አወጡት። ፎቶው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ አገሯ ገባ። ልጅቷ ለእናቷ «ደህና ነኝ፣ ደህና ቤት ነው ያለሁት» እያለች ነበር የምትኖረው። እናቷ ጎረቤት ስልክ ላይ ልጇ ምጽዋት ስትቀበል አየች። ደውላ ምንም አልተናገረቻትም አሉ፤ «ልጄ ምን በልተሽ አደርሽ?» ብቻ ነው ያለቻት። ልጅቷ ለሦስት እሑድ አልመጣችም። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ሳቂ ስትዪኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ ሩዙ በእጅሽ ነበራ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ፊት አናነሳም። ሩዙን፣ መድኃኒቱን፣ የኪራዩን ወረቀት ስሙን ሸፍነን እናነሳለን። እጅ ብቻ እናነሳለን። ወረቀት ለሌላት እህት ደግሞ ፎቶው ከገመናም አልፎ አደጋ ነው፤ የት እንዳለች ይናገራል። ፎቶ አጥብቀው የሚጠይቁ ሰጪዎች ቢኖሩ ምክንያቱን ጻፉላቸው። እስካሁን ምክንያቱን ጽፌለት የተቀየመ ሰው አላገኘሁም።

ስለ ዕቃ ስጦታ ብዙ አልልም። ልብስ በካርቶን ይመጣል፤ አንዳንዱ ይሆነናል፣ አንዳንዱ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ነው። እውነቱን በለሰለሰ ቃል ጻፉ፦ ጃኬቶቹን ለብሰናቸዋል፣ ጫማዎቹን ለሚሆናቸው ሰጥተናል። ሁሉ ነገር ግሩም ነው ካልን በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ካርቶን ጫማ ይመጣል። ጎረቤት የሆነች ሊባኖሳዊት ስትሰጥሽ ደግሞ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ «ይስለሙ» በያት። እነሱ ሲያመሰግኑ እጅን ነው የሚመርቁት፣ እጅሽ ሰላም ይሁን ማለታቸው ነው። እኔ ይህን ምስጋናቸውን እወደዋለሁ፤ እኛን ቀን በቀን የሚያሳክከን፣ በበረኪና የሚላጠው እጃችን ነውና።

አሁን ስለ እንግዶች። በመስከረም 2017 ጦርነቱ ሲብስ፣ በደቡብ የነበሩ እህቶች አሠሪዎቻቸው ቤት ዘግተው ሲሸሹ ሜዳ ላይ ቀርተው ወደ ቤይሩት መጡ። ያኔ እንግዳ በዛ። አብዛኛው በቅን ልብ የመጣ ነው። ግን እንግዳ አቀባበል ላይ ሁለት ዓይነት ጥፋት አየሁብን። አንዱ ማሸርገድ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ያደረገው ሲገባ ወንበር፣ ድሀው ሲገባ ከእግር በታች ስለሚሉ ሰዎች ጽፏል። እኛ በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣን እህት አስነስተን ለእንግዳ የፊት ወንበር ሰጥተናል። በሰው ቤት ስድስት ቀን ቆማ የዋለች ሴት በእግዚአብሔር ቤትም ትቁም? እንግዳው ከመካከላችን ይቀመጥ፤ ቡና ይጠጣ፤ ያለንን ይብላ። 50 ዶላር ለሚሰጥ እንግዳ የ60 ዶላር ምሳ የሠራንበት ቀንም ነበር፤ ሒሳቡን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አልረሳውም።

ሁለተኛው፣ እንግዳ ሲመጣ አንዲትን እህት አስነስቶ «ታሪክሽን ንገሪያቸው» ማለት ነው። ታሪኳ የእሷ ነው። ከፈለገች፣ አስቀድሞ ለብቻዋ ተጠይቃ፣ የምትፈልገውን ያህል ትናገር። ካልፈለገች ስለ ኅብረቱ ሥራ ደብተሩን የያዘችው ትናገራለች። እንግዶችም ሲሰናበቱ በር ላይ ከብበን ቪዛ፣ ስፖንሰር፣ ሥራ እያልን ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ አንክተት። ጭንቀቱን አውቀዋለሁ፤ እኔም በጉብዝናዬ አድርጌዋለሁ፤ መልስ ያገኘሁበት ጊዜ የለም። እንግዳ በእጅሽ ፖስታ ካስጨበጠሽ «ለእኔ ነው ወይስ ለኅብረቱ?» ብለሽ እዚያው ጠይቂ። ለአንቺ ካለ ያንቺ ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም። ለኅብረቱ ካለ ጀምበር ሳትጠልቅ ደብተር ላይ ይገባል፤ እንግዳው ከመሄዱ በፊትም ወረቀቱን እንቆርጥለታለን።

ይህ አገር እንግዳ በመቀበል በመጽሐፍ ቅዱስ የታወቀ ነው እኮ። ኤልያስን የተቀበለችው የሰራፕታ መበለት የዚሁ ባሕር ዳርቻ ሴት ናት፤ በሳይዳና በሱር መካከል የምትመላለሱ እህቶች በዚያ በኩል ታልፋላችሁ። እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ብቻ የነበራት ሴት ለእንግዳው አስቀድማ ጋገረች። ጳውሎስም ሱር ላይ መርከቡ ጭነት ሲያራግፍ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሰባት ቀን ተቀመጠ። ሲሄድ ምን ሰጡት? የሐዋርያት ሥራ 21 የሰጡትን አይነግረንም። ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ከከተማ ውጭ ድረስ እንደ ሸኙት፣ ባሕሩ ዳር ተንበርክከው እንደ ጸለዩ ነው የሚነግረን። እንግዳ መሸኘት ገንዘብ አይጠይቅም። እንግዳው አገሩ ሲደርስም «በሰላም ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ የእኛው ወግ ነው፤ ይህን ለፈረንጅ ስናደርግለት በጣም ይገርመዋል።

ስለዚያች እናት ሳልጨርስ ቀረሁ። ከስልኩ በኋላ በዚያው ሳምንት ተሰብስበን ደብዳቤ ጻፍን። የእያንዳንዱን ወጪ ዘረዘርን፤ ገንዘቡ የደረሰበትን ቀን ከላኪ ቤቱ ወረቀት ላይ ገልብጠን ከላይ በትልቁ ጻፍን፤ መዘግየቱ የእኛ ጥፋት እንጂ የማንም እንዳልሆነ አስቀመጥን፤ አራት ሆነን ፈረምን። የላክነው ለእሷ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ነው፤ እሷ ካነበበችው ራሷ የጻፈችው ይመስላልና። እሑድ በጉባኤ ፊት ተነበበ። ማታ ድምፅ ቀርጻ ላከችልኝ። ብዙ አልተናገረችም። «ዛሬ ከጸሎት በኋላ ሰው ቡና ጠጪ ብሎ ጠራኝ» አለች።

የዚያ ደብዳቤ ግልባጭ በደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ አለ። ማየት የምትፈልጉ እሑድ ጠይቁኝ። ደብተሩን እስከ ጥር መጨረሻ እኔ እይዘዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት እህቶች ይረከቡኛል። እነሱን ለማለማመድ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ከጸሎት በኋላ ግማሽ ሰዓት ደብዳቤ እንጽፋለን፤ መጻፍ የምትወዱ ሁሉ ኑ፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ። ለቤተሰቦቻችሁ የምትነግሩትም ካለ፣ ከሚቀጥለው ገንዘብ ጋር አንድ መስመር ላኩ፦ «ሲደርሳችሁ ደረሰን በሉኝ።»